አቤቱታ የጻፍኩበት ሳምንት

«ታዲያ ምን ታገኝበታለህ?» ብለው የጠየቁኝን ሰዎች ብሰበስባቸው አንድ የሰርግ ድንኳን ይሞላሉ። አብዛኞቹም የጠየቁኝ ሰርግ ላይ ነው፤ አጥንት እየጋጡ። ማስታወቂያ አለው? የለውም። የሚደግፍህ ድርጅት አለ? የለም። «እና?» ይሉና ወደ ሳህናቸው ይመለሳሉ። እሑድን ሙሉ ኳስ እያየ ሲጮህ የሚውለውን ሰው ምን እንደሚያገኝበት የሚጠይቀው የለም። እኔ ግን አሮጌ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ስለማስቀምጥ በየድግሱ ቃሌን መስጠት ነበረብኝ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እንጀራዬ ኮምፒውተር ነው። ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር እጠብቃለሁ፤ ትምህርቴን ከጨረስኩ ወዲህ ሌላ ሥራ አላውቅም። ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን መኖርህን የሚያስታውስ የለም፤ ኔትወርክ ሲቆም ግን የተወለድክበትን ቀን ይረግማሉ። ማተሚያው ወረቀት ሲነክስ እኔ ነኝ የምጠራው። የይለፍ ቃሉን ለአራተኛ ጊዜ የረሳ ሰው፣ የሰረቅኩበት ይመስል ዐይኑን ያፈጥብኛል። ስልኩ የተበላሸበት ዘመድ ሁሉ «አንተ እኮ አዋቂ ነህ» እያለ ማራኪ ሰፈር የተከራየሁበት ቤት ድረስ ይመጣል። ከዚህ ሁሉ መሀል የራሴ የምለው ያ ድረ ገጽ ብቻ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም ሪፖርት አይጠይቀኝም።

የጀመርኩትም በንዴት ነው። አራዳ ውስጥ አንድ የቆየ ፎቶ ቤት ሊዘጋ ሲል፣ ባለቤቱ የዕድሜ ልክ ኔጌቲቩን በካርቶን ሞልቶ በር ላይ አውጥቶታል። ቆሻሻ የሚወስደውን ጋሪ ነበር የሚጠብቀው። «ምን ላድርገው? ሰው ሁሉ ስልክ ይዟል» አለኝ። አንዱን ብድግ አድርጌ ወደ ፀሐይ ባነሣው ሙሽሮች ናቸው፤ ሌላው ወታደር ነው፤ ሌላው ክርስትና የተነሣ ሕፃን። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው እኮ ነው የምትጥለው!» ብዬ ጮህኩበት። እሱም ተቆጣ። «እንግዲያው ውሰደዋ!» አለ። ካርቶኖቹን በባጃጅ ጭኜ ወደ ቤት ሄድኩ።

ኔጌቲቮቹን አንድ በአንድ ስካን ሳደርግ መጀመሪያ ዐይኔ ውስጥ የገባው ሰው ሳይሆን ኮት ነው። ፎቶ ቤቱ ለደንበኛ የሚያውሰው ባለ መስመር ኮት ነበር። ገበሬው ይለብሰዋል፣ መምህሩ ይለብሰዋል፣ ሥራ ፈላጊው ይለብሰዋል። ለአንዱ እጅጌው ያጥራል፣ የሌላውን ጣት ይሸፍናል። የሆነ ጊዜ ላይ ሁለተኛው ቁልፉ ወድቆ በማይመስለው ቁልፍ ተተክቷል፤ ስለዚህ ቁልፉን ብቻ አይቼ የትኛው ፎቶ ቀድሞ፣ የትኛው ኋላ እንደተነሣ መለየት ቻልኩ። ለዚህ ግኝት ያጨበጨበልኝ የለም። እኔ ግን እሑዴን ሙሉ ለብቻዬ ፈገግ ስል ዋልኩ።

በየፎቶው ሥር ያየሁትን እጽፍ ነበር፤ የት እንደተነሣ፣ የኋላው መጋረጃ ምን እንደተሳለበት፣ ለማሳመሪያ አብሮ የተነሣው ሬዲዮን የማን እንደሆነ። ገጹ ሲታወቅ ሰዎች የራሳቸውን ማምጣት ጀመሩ። ከአልበም ነቅለው፣ ከግድግዳ አውርደው ያመጣሉ። ስካን አደርገዋለሁ፣ ጭረቱን አጠፋለሁ፣ ዋናውን በፖስታ አሽጌ እመልሳለሁ። የአንድም ሰው ፎቶ አልቀረብኝም፤ በዚህ እኮራ ነበር።

ሌቦችም መጡ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ብዙ ተከታይ ያላቸው ሰዎች ፎቶዎቹን እያነሡ የራሳቸው ያደርጓቸዋል፤ ያውም ሟች ሙሽራ ግንባር ላይ ስልክ ቁጥራቸውን ጽፈው። አንድ በአንድ አሳደድኳቸው። እየጻፍኩ፣ እየደወልኩ፣ እየተሳደብኩ፣ በሕግ እያስፈራራሁ አስወርዳቸው ነበር። አንድ ፎቶ ባስወረድኩ ቁጥር ጦር የመለስኩ ያህል ይሰማኛል። እንዲህ ያለው ድል ሱስ ይሆናል።

ድረ ገጽ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ይፈልጋል። መጀመሪያ ውጭ አገር ነበር የተከራየሁት፤ እኔ የዶላር ካርድ ስለሌለኝ እዚያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ በካርዱ ይከፍልልኝ ነበር። ካርዱ ሲለወጥ ረሳውና ገጹ አንድ ቀን ጠፍቶ አደረ። ያን ጊዜ ፎቶዎቹ እጄ ላይ ስለነበሩ አልተጎዳሁም። የቀድሞው ኃላፊያችን ነገሩን ሰምቶ «የእኛ ሰርቨር ላይ ቦታ ሞልቷል፤ አስቀምጠው፣ የአገር ታሪክ አይደል?» አለኝ። በቃሉ ነው ያለኝ። ደብዳቤ አልጻፈልኝም፤ እኔም ይሉኝታ ያዘኝና አልጠየቅኩም።

እዚህ ላይ ራሴን በጥፊ የምመታበት ነገር አለ። የመሥሪያ ቤቱ መረጃ በየሳምንቱ ወደ ሌላ ማከማቻ ይገለበጣል፤ ዋናው ቢጠፋ ቅጂው እንዲኖር። ይህን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ መመሪያውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የራሴን ፎቶዎች ግን ከሚገለበጠው ዝርዝር ውስጥ በገዛ እጄ አወጣኋቸው። በመንግሥት ንብረት ለግል ጉዳዩ ተጠቀመ እንዳልባል! በራሱ ላይ እንዲህ የሚጠነቀቅ ጨዋ ሰው ነበርኩ። ቤት የነበረኝ ተንቀሳቃሽ ዲስክም ከጠረጴዛ ወድቆ ሲሰበር፣ ሰርቨሩ አለ ብዬ ሳልተካው ቀረሁ። ሥልጠና ላይ ቆሜ «መረጃችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ» እያልኩ የማስተምረውም እኔው ነበርኩ።

በዚያ ሰሞን ደጋው ላይ ወዳለ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ልተክል ወጣሁ። የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ከዘበኝነቱ ሲወጡ ገብስ ያርሳሉ። ስለ ድረ ገጹ ስነግራቸው ዱላቸውን ይዘው ቤታቸው ሄዱና በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ ይዘው ተመለሱ። እሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው፣ በወጣትነታቸው። ሚስት ታመው ጎንደር ሐኪም ቤት ከርመው፣ ድነው የወጡ ዕለት፣ አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ አራዳ ገብተው የተነሡት ነው።

«ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ተነሥታ አታውቅ» አሉኝ ሽማግሌው። «ስልክ የያዘ ሁሉ ሊያነሣት ሲል ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። ያለን የነጠላ ፎቶ ነው።»

ወይዘሮዋ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ሰምተዋል። «አንዴ ተነሥቻለሁ፣ ይበቃኛል!» ሲሉ ድምፃቸው ብቻ መጣ። ሽማግሌው በሳቅ ትከሻቸው ተነቃነቀ።

ፎቶውን ተውሼ ወሰድኩና በወሩ ይዤላቸው ወጣሁ። «አያ፣ ከእንግዲህ ቤት ቢያፈስም፣ አይጥ ቢበላውም አይጠፋም። እኔ ጋ አለ» አልኳቸው። «እሰይ፣ ሸጋ» አሉ። ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳይጠይቀኝ ነው።

ቆየት ብሎ የቀድሞው ኃላፊ ተዛወረና አዲስ ሰው መጣ። በሁለተኛው ሳምንት የሰርቨሩን ዝርዝር አስመጥቶ አየና ጠራኝ። «ይህ ለተቋሙ ምን ይጨምራል?» አለኝ፤ በስክሪኑ ላይ የአንዲት አሮጊት ፎቶ እያሳየኝ። ምንም እንደማይጨምር ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። «ቅርስ ነው» አልኩ። በማግሥቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። በሰርቨሩ ላይ ያለ የግል ይዘት በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲነሣ፣ ካልተነሣ ክፍሉ ራሱ እንዲያነሣው ታዟል ይላል።

ፎቶዎቹን ሁሉ ገልብጦ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይበቃኝ ነበር። ዲስክ ከማንም መዋስ እችላለሁ። እኔ ግን አቤቱታ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

እንዴት ያለ አቤቱታ መሰላችሁ! አራት ገጽ ነው። በመጀመሪያው ገጽ የጎንደርን ታሪክ ዘረዘርኩ። በሁለተኛው የራሴን የአገልግሎት ዘመን። «ይህ አሳፋሪ ተግባር» ብዬ ጀመርኩና ከበደኝ፤ «አሳዛኝ» አልኩት። አድሮ እንደገና ደሜ ፈላና ወደ «አሳፋሪ» መለስኩት። ግልባጭ ለስድስት መሥሪያ ቤቶች አደረግኩ፤ አንዱ ምን እንደሚሠራ እንኳ በደንብ አላውቅም፣ ስሙ ሲጠራ ግርማ ስለነበረው ነው የጨመርኩት። ከዚያ መዝገብ ቤት ወሰድኩት። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ለቅሶ ሄዳለች፤ አንድ ቀን ቆመ። በማግሥቱ ቁጥር ወጣለት፣ ማኅተሙ ግን የተቆለፈበት ካዝና ቁልፍ ሌላ ሰው ዘንድ ነው። እኔም በየኮሪደሩ ቆሜ ለሰማኝ ሁሉ አንቀጽ በአንቀጽ አነብ ነበር። ሰው አንገቱን እየነቀነቀ «አይዞህ፣ በርታ!» ይለኛል። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ሳምንት ሠርቼ አላውቅም።

አቤት ካልኩ ትእዛዙ ይታገዳል ብዬ አምኛለሁ። ማን እንደነገረኝ አላውቅም፤ ማንም አልነገረኝም። ደግሞ መገልበጥ ማለት መሸነፍ መሰለኝ። ፎቶዎቹን ጠቅልዬ ብወጣ እሱ አሸነፈ ማለት ነው፤ እዚያው ላይ ቢቆዩ ግን እኔ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ የተከበረ ምክንያት አልነበረኝም።

ከጎኔ የምትቀመጥ፣ ሰርቨሩን ከእኔ ጋር የምትጠብቅ ባልደረባ አለችኝ። ረቡዕ ዕለት «ገለበጥኸው?» አለችኝ።

«ጉዳዩ በአቤቱታ ላይ ነው።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ዓርብ ደግማ ጠየቀችኝ። «ደፍሮ የሚነካውን አያለሁ!» አልኳት። ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ሰኞ ጠዋት የመጨረሻዎቹን ግልባጮች በእጄ ላደርስ ወጣሁ። በየቢሮው በር ላይ ቆሜ «ገቢ» የሚል ማኅተም አስመታሁ፤ ማኅተም በተመታ ቁጥር ልቤ ይሞላል። ለምሳ ስመለስ ባልደረባዬ ከወንበሯ ላይ ተነሥታ ቆማ ጠበቀችኝ። የጽሑፍ ትእዛዝ ተሰጥቷት ፎልደሩን አጥፍታዋለች። ቦታው ለሌላ ሥራ ስለተፈለገ በላዩ ላይ ሌላ መረጃ ተጽፎበታል። እንዴት እንደሚጠፋ የሚደነግገውን አንቀጽ አንብባ ነው ያደረገችው፤ አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ተመልሶ እንዳይወጣ ምን እንደሚደረግ አሳምሬ አውቃለሁ።

ጮህኩ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ከየበሩ ብቅ እስኪል ጮህኩ። ወንበር ገለበጥኩ፤ ከሃያ ዓመት ልጅነቴ ወዲህ ያላወጣሁትን ስድብ አወጣሁ። ኃላፊው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣና «አምስት ቀን ሰጥቼሃለሁ» አለ። ተመልሶ ገባ። መስጠቱ እውነት ነው፤ ይህም ነው ይበልጥ ያበገነኝ። ባልደረባዬን ለሁለት ወር አላናገርኳትም። የአቤቱታዬ መልስ ከብዙ ሳምንት በኋላ ሲመጣ «ጉዳዩ አስቀድሞ እልባት ያገኘ በመሆኑ መዝገቡ ተዘግቷል» ይላል፤ በሦስት መስመር። አራት ገጽ ለጻፈ ሰው ሦስት መስመር!

ቀስ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። የፎቶ ቤቱ ኔጌቲቭ ካርቶኖች ቤት አሉ፤ እንደገና ስካን ይደረጋሉ። የሰዎቹንም ዋናውን ፎቶ ለየባለቤቱ መልሻለሁ። የጠፋው የእኔ ድካም ነው እንጂ የሰው ንብረት አይደለም እያልኩ ቂሜን ይዤ ተቀመጥኩ። ቂሙም ደህና ጓደኛ ሆነኝ።

በጥቅምት አጋማሽ ከበር ተደወለልኝ። የወረዳው ዘበኛ፣ ሽማግሌው ናቸው። ጢማቸው አድጓል፤ ጥቁር ሸሚዝ ለብሰዋል። ሳይነግሩኝ ገባኝ።

«አረፈችብኝ» አሉ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው። «መስከረም ላይ።»

እግዚአብሔር ያጽናዎ አልኳቸው። ከዚያ የመጡበትን ነገሩኝ። በክረምቱ ቆርቆሮው አፍስሶ ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ሊያላቅቁት ሲሉ የሴትዮዋ ፊት መስታወቱ ላይ ቀርቶ ወረቀቱ ነጭ ሆኗል። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ድሮ የሟች ልብስ ነበር የሚወጣው፤ አሁን ደጋውም ከተማውም ፎቶ ያቆማል። ሽማግሌው የአርባዋ ዕለት ድንኳኑ ደጃፍ ላይ የባለቤታቸውን ፎቶ ሊያቆሙ ይፈልጋሉ።

«ልጆቹ ሲደነግጡ እኔ አልደነገጥሁም» አሉኝ። «ጎንደር አለች፣ ከልጁ ዘንድ ተቀምጣለች አልኋቸው።»

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ።

«ምነው? ፊትህ ተለወጠብኝ» አሉ።

በዚህ አገር መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የሚነገር አንድ ቃል አለ። መታወቂያ ልታወጣ ስትሄድ ይሉሃል፣ ግብር ልትከፍል ስትሄድ ይሉሃል፣ ባንክ ይሉሃል። ባለጉዳይን ፊቱን ሳያዩ ለመመለስ የተፈጠረ ቃል ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ በየስብሰባው «ይህን ቃል አትበሉ፤ ምን እንደተበላሸ ለሰው ንገሩት» እያልኩ ስጨቃጨቅ ነው የኖርኩት። ያንን ቃል ከራሴ አፍ ሰማሁት።

«ሲስተም የለም፣ አያ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ወደ ኮምፒውተሩ አዩ። መብራቱ በርቷል፤ ይሠራል። «እሽ» አሉ። «ሲስተሙ ሲመጣ እመለሳለሁ።» ተነሥተው ዱላቸውን ፈለጉና ወጡ። ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው።

ያን ሳምንት ያልቆፈርኩት የለም። የኔጌቲቭ ካርቶኖቼን በሙሉ በረበርኩ፤ እነሱ የተነሡት ሌላ ፎቶ ቤት ነበርና የሉበትም። አሮጌ ላፕቶፔን ፈታሁ፣ ኢሜይሎቼን በሙሉ አገላበጥኩ፣ የተሰበረውን ዲስክ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት፤ አይቶ ሳቀ። በመጨረሻ ወደ ሌቦቹ ሄድኩ። በስድብ ላባረርኳቸው፣ በሕግ ላስፈራራኋቸው ሰዎች አንድ በአንድ እየጻፍኩ ለመንኳቸው። ምናልባት አንዳችሁ ዘንድ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ። ብዙዎቹ አልመለሱልኝም። አንዱ ግን በትሕትና መለሰልኝ። ከእኔ የወሰደውን ሁሉ በዚያን ጊዜ ባስወረድኩት ዕለት ደልዞታል፤ ደግሞም የዚህ ዓይነቱን አልወሰደም ነበር። «የገጠር ሰው ፎቶ ብዙ ላይክ አያመጣም» ይላል። ልሰድበው ጀመርኩና ተውኩት።

ሽማግሌው በስምንተኛው ቀን ተመለሱ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘዋል። ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና ፈቱት፤ አዲስ የፎቶ ፍሬም ነው፣ መስታወቱ የተወለወለ። መጀመሪያ አራዳ ገብተው እሱን ገዝተው ነው ወደ እኔ የመጡት።

«አያ» አልኩ፤ «ፎቶው የለም። ጠፍቷል። ገልብጬ ማስቀመጥ ስችል ከሰው ጋር ስጣላ ነው ያጠፋሁት። ባለፈው ሲስተም የለም ያልኩዎትም ውሸት ነው።»

ቁጣ ጠበቅኩ። ቢያዋርዱኝ፣ በዱላቸው ቢሉኝ በወደድኩ። ስቆጣ ወይም ሲቆጡኝ እንጂ ሳይቆጡኝ እንዴት እንደሚኮን አላውቅም። ሽማግሌው ግን ፍሬሙን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ምነው የዚያን ለት አልነገርኸኝም?» አሉ ቆይተው። «ሁለት ጊዜ መንገድ አስመታኸኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«አንተ አይተሃታል አይደል?»

«አይቻቸዋለሁ።»

«እኔ አሁን ባስባት ባስባት የሚመጣብኝ የታመመችው ፊቷ ነው። የዚያን ጊዜው ጠፋኝ።» ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉ። «አንተ በዚህ በኮምፒውተሩ አቅርበህ፣ አጉልተህ አይተሃታል። እስቲ ንገረኝ። ፊቷ እንዴት ነበር? ትስቅ ነበር?»

አሰብኩ። ፎቶው ለሁለት ታጥፎ የኖረ ስለነበር በወይዘሮዋ ደረት ላይ የሚያልፍ ነጭ መስመር ነበረው፤ እሱን ለማጥፋት አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል። የቀኝ ማዕዘኑ ላይ የሻይ ጠብታ አለ። የፋይሉን ቁጥር አስታውሳለሁ፣ መጠኑን አስታውሳለሁ፣ ምን ያህል እንዳደመቅኩት አስታውሳለሁ። መጋረጃው ላይ የተሳለው ሐይቅ ነው፤ ጀልባዋ ወደ ግራ ዞራለች። ፊታቸውን ግን ፈለግኩት፣ ፈለግኩት። የሚመጣልኝ ያጸዳሁት ቦታ ብቻ ነው።

«አላስታውስም፣ አያ» አልኳቸው።

ሽማግሌው በጣታቸው ኮምፒውተሩን አመለከቱ። «እንዲያ አጉልተህ ስታይ» አሉ፣ «ምኑን ነበር የምታየው?»

ሊወቅሱኝ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ።